ሁለት መልስ ያለው ሰሌዳ፦ ኬንኬን ከሱዶኩ በምን ይሻላል? የትስ ላይ ይደክማል?

ባለፈው ክረምት ቦንጋ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ያዘና መብራት ጠፋ። የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ስለነበር ስጫወተው የነበረውን የቁጥር እንቆቅልሽ አቋርጬ ስልኩን ዘጋሁት። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲመለከት የነበረው የቤቱ ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ከደብተሩ መሃል አንድ ቅጠል ቀደደና «ቆይ፣ እኔ እሠራልሃለሁ» አለኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ሲጽፍና ሲሰርዝ ቆይቶ አራት በአራት የሆነ ሰሌዳ ሰጠኝ። ፈታሁት።

«ጋሼ፣ ተሳስተሃል» አለኝ ፈገግ ብሎ።

መልሱን በሌላ ወረቀት ጽፎ ደብቆት ነበር። በእሱ መልስ የላይኛው ረድፍ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይላል። የእኔ ደግሞ 1፣ 3፣ 2፣ 4። ሕጎቹን አንድ በአንድ እያነበብን አመሳከርን። የእሱ ልክ ነው። የእኔም ልክ ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ?

ያን ቀን ማታ በሻማ ስንከራከርበት ያመሸነው ጉዳይ ስለዚህ ጨዋታ ያለኝን አስተያየት ቀይሮታል። ጨዋታው ኬንኬን ይባላል። ጥሩ ጨዋታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ብዙ ጊዜ በሚወደስበት ምክንያት አይደለም። ድክመቶችም አሉት። ከታላቅ ዘመዱ ከሱዶኩ እንነሳ።

ቁጥር የማይሠራበት የቁጥር ጨዋታ

ሱዶኩ ስሙ ጃፓንኛ ይሁን እንጂ የታተመው መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ዴል በሚባል የእንቆቅልሽ መጽሔት ላይ። ፈጣሪው ሃዋርድ ጋርንስ የተባለ አርክቴክት እንደሆነ ይታመናል። በ1984 ኒኮሊ የተባለው አሳታሚ ወደ ጃፓን ወሰደው፤ በ2004 መጨረሻ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ማተም ሲጀምር ዓለምን አጥለቀለቀ። ሕጉን ታውቁታላችሁ፦ 9 በ9 በሆነ ሰሌዳ ላይ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በየረድፉ፣ በየዓምዱና 3 በ3 በሆኑት ትንንሽ ካሬዎች ውስጥ ሳይደገሙ መግባት አለባቸው።

አሁን አንድ ሙከራ እናድርግ። በአንድ ሱዶኩ ላይ ያለውን 1 በሙሉ አጥፉና በምትኩ «ሀ» ጻፉ። 2ን በ«ለ»፣ 3ን በ«ሐ»፣ 4ን በ«መ» እያላችሁ እስከ 9 ቀጥሉ። ጨዋታው ተቀየረ? በፍጹም። ችግሩም መፍትሔውም ያው ነው። ከፈለጋችሁ ዘጠኝ ዓይነት ቅመም ደርድሩበት። በሱዶኩ ውስጥ 8 ከ7 አይበልጥም፤ 6 የ3 እጥፍ አይደለም። ቁጥሮቹ ስም ብቻ ናቸው፤ ሥራ የላቸውም።

ይህን የምለው ሱዶኩን ለማጣጣል አይደለም። ከኋላው ከባድ ሒሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፌልገንሃወርና ጃርቪስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሊኖሩ የሚችሉትን የተሞሉ ሰሌዳዎች ቆጥረው 6,670,903,752,021,072,936,960 መሆናቸውን አሳይተዋል። በ2012 ደግሞ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጋሪ ማክጓየር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በኮምፒውተር ባደረገው ሰፊ ፍተሻ፣ ከ17 ባነሱ ፍንጮች አንድ መልስ ብቻ ያለው ሱዶኩ መሥራት እንደማይቻል አሳየ። «አንድ መልስ ብቻ» የሚለውን ሐረግ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን። ነገር ግን «ሱዶኩ ተጫወት፣ በቁጥር ትጎብዛለህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የቅመሙን ሙከራ ንገሩት።

ቁጥሩ ራሱ ፍንጭ ሲሆን

ኬንኬንን እ.ኤ.አ. በ2004 የፈጠረው ቴትሱያ ሚያሞቶ የሚባል ጃፓናዊ የሒሳብ መምህር ነው። ለተማሪዎቹ ብሎ ነው የሠራው። በ2008 ታይምስ፣ በ2009 ደግሞ ኒውዮርክ ታይምስ ማተም ጀመሩ። ሕጉ አጭር ነው። ሰሌዳው 4 በ4 ከሆነ ከ1 እስከ 4፣ 6 በ6 ከሆነ ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች በየረድፉና በየዓምዱ ሳይደገሙ ይገባሉ። ከዚያ ሳጥኖቹ በወፍራም መስመር እየታጠሩ በቡድን ይከፈላሉ። እነዚህን ቡድኖች «ግቢ» ልበላቸው። በየግቢው በር ላይ አንድ ቁጥርና አንድ ምልክት አለ። «6×» ከሆነ፣ በግቢው ያሉት ቁጥሮች ሲባዙ 6 ይሰጣሉ። «7+» ከሆነ ሲደመሩ 7 ይሆናሉ።

የቅመሙን ሙከራ እዚህ ድገሙት። ቁንዶ በርበሬ ሲባዛ በኮረሪማ ስንት ነው? አይሠራም። እዚህ 6 በእርግጥም 6 መሆን አለበት። ኬንኬን ከሱዶኩ የሚበልጠው በዚህ ነው።

6 በ6 በሆነ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሳጥን ያለው ግቢ አስቡ። በሩ ላይ «7+» ቢል ሦስት ምርጫ አላችሁ፦ 1 እና 6፣ 2 እና 5፣ 3 እና 4። «12×» ቢል ሁለት፦ 2 እና 6፣ 3 እና 4። «15×» ቢል ግን አንድ ብቻ፦ 3 እና 5። ለምን? 3 እና 5 ብቸኛ ቁጥሮች ስለሆኑ ነው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በምንም አይካፈሉም። 15ን ለመገንባት ሌላ ጡብ የለም። በዚህ ሰሌዳ 5 የተለየ ባሕርይ አለው። የማባዛት ግቢ ቁጥሩ ለ5 የሚካፈል ከሆነ 5 እዚያ ግቢ ውስጥ አለ፤ የማይካፈል ከሆነ የለም። ሌላ አማራጭ የለም። በትምህርት ቤት «የቁጥር አካፋዮች» ተብሎ በቃላችን የያዝነው ምዕራፍ እዚህ መፈለጊያ ባትሪ ሆኖ ያገለግላል።

የቦንጋውን ሰሌዳ እንፍታው

አሁን የልጁን ሰሌዳ ውሰዱ። ወረቀት ላይ 4 በ4 ሥሩና እንዲህ አጥሩት፤ ሳጥኖቹን ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሩ።

የመጀመሪያው ረድፍ 1ኛ ሳጥን ከሁለተኛው ረድፍ 1ኛ ሳጥን ጋር፦ 3×
የመጀመሪያው ረድፍ 2ኛና 3ኛ ሳጥን፦ 6×
የመጀመሪያው ረድፍ 4ኛ ሳጥን ከሁለተኛው ረድፍ 4ኛ ሳጥን ጋር፦ 8×
የሁለተኛው ረድፍ 2ኛና 3ኛ ሳጥን፦ 4×
የሦስተኛው ረድፍ 1ኛና 2ኛ ሳጥን፦ 2×
የሦስተኛው ረድፍ 3ኛና 4ኛ ሳጥን፦ 12×
አራተኛው ረድፍ በሙሉ፣ አራቱም ሳጥኖች፦ 10+

ከላይ እንጀምር። 6× የሚሆነው 2 እና 3 ብቻ ነው (6 ራሱ ሰሌዳው ላይ ስለሌለ 1 እና 6 አይሆንም)። ስለዚህ የላይኛው ረድፍ ሁለት ጫፎች 1 እና 4 ናቸው። በግራ በኩል ያለው ግቢ 3× ነው፤ 4 ሊገባበት አይችልም። እናም የግራው ጫፍ 1፣ ከሥሩ 3፤ የቀኙ ጫፍ 4፣ ከሥሩ ደግሞ 8× እንዲሆን 2።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ 2× ማለት 1 እና 2 ነው። የግራው ዓምድ 1ን ስለተጠቀመ 2 በግራ፣ 1 በቀኝ ይሆናል። 12× ማለት 3 እና 4 ነው፤ የቀኙ ዓምድ 4 ስላለው ጫፉ 3፣ ውስጠኛው 4። በሁለተኛው ረድፍ ያለው 4×፣ 1 እና 4 ነው፤ ሦስተኛው ዓምድ አሁን 4 ስላገኘ 4 በግራ፣ 1 በቀኝ። አንድም ቦታ አልገመትንም። እያንዳንዱን እርምጃ «ምክንያቱም» ብለን ነው የተራመድነው።

የቀሩት ስድስት ሳጥኖች ናቸው። በአራተኛው ረድፍ ግራው ጫፍ 4፣ ቀኙ ጫፍ 1 መሆኑ ከዓምዶቹ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ግን ቆመን ቀረን። ከላይ ያለው 6× ግቢ 2፣ 3 ከሆነ ከታች 3፣ 2 ይሆናል። ከላይ 3፣ 2 ከሆነ ከታች 2፣ 3። ሁለቱም ሕጉን ያከብራሉ። የእኔና የልጁ መልስ የተለያየው እዚህ ላይ ነው።

ያ ሁሉ የመጨረሻ ግቢ፣ አራት ሳጥን የያዘው ትልቁ 10+፣ ታዲያ ምን ይሠራል?

አርባ ፍሬ ቡና

ልጁ 10+ን የጻፈው ከባድ እንዲሆን ብሎ ነው። «ትልቅ ግቢ ስለሆነ ያስቸግርሃል ብዬ ነው» አለኝ። መልሱን ያገኘችው ግን ታናሽ እህቱ ናት። እናታቸው ቡና እየለቀሙ ነበርና ከሰፌዱ ጥሬ ቡና ዘግና መጥታ በየሳጥኑ የተጻፈውን ያህል ፍሬ ትደረድር ጀመር፤ እንደ ገበጣ። የእሱን መልስ ደረደረች። ከዚያ አንስታ የእኔን ደረደረች። ፍሬ አልተረፋትም፣ አልጎደላትምም። «ሁለቱም አርባ ነው። እያንዳንዱ መስመር አሥር ነው የሚበላው» አለች።

እውነቷን ነው። በማንኛውም 4 በ4 ኬንኬን ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ 1፣ 2፣ 3 እና 4ን አንድ አንድ ጊዜ ይይዛል፤ 1+2+3+4 ደግሞ ሁልጊዜ 10 ነው። 6 በ6 ላይ ድምሩ ሁልጊዜ 21 ነው። «ይህ ረድፍ ሲደመር 10 ይሆናል» የሚለው ፍንጭ እውነት ነው፤ ግን አስቀድመን ያላወቅነውን አንዲት ነገር አይነግረንም። «24×» ብሎ ቢጽፍም ያው ነበር።

እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ የተበላሸ መለኪያ ነው። ሞቀም ቀዘቀዘም 20 ዲግሪ ብቻ የሚያሳይ ቴርሞሜትር አንዳንድ ቀን ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አያገለግልም፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎችን አይለይልንም። መረጃ ማለት መለየት ነው። ትንሿ 15× ከትልቁ 10+ የምትበልጠው ሌሎች ምርጫዎችን ሁሉ ስለምትዘጋ ነው።

መፍትሔውም ከዚያው መጣ። የታችኛውን ትልቅ ግቢ ለሁለት ከፈልነው፤ የግራዎቹ ሁለት ሳጥኖች 12×፣ የቀኞቹ ሁለት 2×። ግራው ጫፍ 4 ስለሆነ አጠገቡ 3 ሊሆን ግድ ነው። የልጁ መልስ ብቻ ቀረ። «አየህ፣ የኔ ነበር ልክ» አለኝ። የግራዎቹን 8×፣ የቀኞቹን 3× ብንላቸው ግን የእኔ ልክ ይሆን ነበር። ይህንን ስነግረው ትንሽ ዝም አለ።

የሚተቸው ምኑ ነው?

በእኛ ባህል እንቆቅልሽ ሲባል ያልመለሰ አገር ይሰጣል። «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ» ተባብለን፣ ካቃተን «አገር ስጠኝ» እንባላለን፤ ጎንደርን ወይ ቦንጋን ሰጥተን መልሱን እንሰማለን። ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ መልሱ ግን የጠያቂው ንብረት ነው። እሱ «ልክ አይደለም» ካለ አለቀ። ኬንኬን ትልቁ ጸጋው ይህን መገልበጡ ነው። መልሱ የማንም አይደለም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ሰው በማስረጃ ሊያርም ይችላል፤ ሊታረምም ይችላል። ረድፉን፣ ዓምዱንና ግቢውን ማመሳከር በቂ ነው።

የመጀመሪያው ትችቴ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ የተሳሳተ ቁጥር ስጽፍ ወዲያው ቀይ ያበራል። ሰዓትም ይቆጥራል፤ ፍንጭ የምትሰጥ አምፖልም አለችው። ቀዩ መብራት ረዳት ይመስላል፤ ነገር ግን ጨዋታው ያለውን ጸጋ ይሰርቃል። «ለምን ሆነ?» ብዬ ከማሰብ ይልቅ «ይቀላ ይሆን?» ብዬ መሞከር ጀመርኩ። ያን የቦንጋ ሰሌዳ እንዲህ ላለ መተግበሪያ ብንሰጠውስ? የልጁን መልስ ብቻ ይዞ ከሆነ የእኔን ትክክለኛ መልስ በቀይ ይሰርዘው ነበር። ቀይ ቀለም ሁልጊዜ «ተሳስተሃል» ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ «የእኔ መልስ ሌላ ነው» ማለት ብቻ ነው። የፈተና መልስ ቁልፍ ብቻ እያየን ላደግን ልጆች ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሁለተኛው፣ የመቀነስ ግቢዎች። በኬንኬን «2−» ማለት የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት 2 ነው ማለት ነው፤ 3 ከግራ ይሁን ከቀኝ ለውጥ የለውም። ነገር ግን 3−1 እና 1−3 አንድ አይደሉም፤ አንዱ 2፣ ሌላው −2 ነው። ነጌቲቭ ቁጥር ገና እየተማረ ላለ ልጅ ይህ ግራ ያጋባል። የማካፈል ግቢም እንዲሁ ነው። ለታናናሾቻችሁ ስታስተምሩ «ሲቀነሱ» ከማለት «ልዩነታቸው» ብትሉ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ትልልቅ ሰሌዳዎች። 9 በ9 በሆነ ኬንኬን ውስጥ አራት አምስት ሳጥን የያዙ የመደመር ግቢዎች ሲበዙ የቁጥሮቹ ባሕርይ ይደበዝዛል። የሚቀረው ረጅም ዝርዝር መጻፍና መሰረዝ ነው። ያንን ኮምፒውተር ከእኛ በተሻለ ይሠራዋል። ከባድ ማለት አድካሚ ማለት አይደለም። እኔ ብዙ የማባዛት ግቢ ያለውን 6 በ6 እመርጣለሁ።

ከሰሌዳው ወደ ማሳው

በየረድፉና በየዓምዱ ምንም የማይደገምበት ሰሌዳ በሒሳብ «የላቲን ካሬ» ይባላል። ኦይለር የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጥንቶታል። 4 በ4 የሆኑት 576 ናቸው፤ 6 በ6 ሲሆኑ 812,851,200 ይደርሳሉ። ወደ ማሳ ይዞት የወጣው ደግሞ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሮትሃምስተድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሲሠራ።

ለካፋ ሰው ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። አራት ዓይነት የቡና ችግኝ አለን እንበል፤ የትኛው የተሻለ እንደሚያፈራ ማወቅ እንፈልጋለን። መሬታችን ግን ተዳፋት ነው፤ ከላይ ያለው ቶሎ ይደርቃል፣ ከታች ያለው እርጥበትና ታጥቦ የወረደ አፈር ያገኛል። በአንድ በኩል ደግሞ ጫካው ጥላውን ይጥላል። አንደኛውን ዓይነት በሙሉ ከታች ብንተክለውና ጥሩ ቢያፈራ፣ የዘሩ ጥንካሬ ነው ወይስ የቦታው እርጥበት? ሁለት መልስ፤ ሁለቱም ካየነው ጋር ይስማማሉ። ልክ እንደ ልጁ ሰሌዳ።

ፊሸር ማሳውን በ16 ቁራሽ ከፍሎ እያንዳንዱ ዓይነት በየረድፉ አንድ ጊዜ፣ በየዓምዱ አንድ ጊዜ እንዲተከል ያደርጋል። ያኔ አራቱም ዓይነቶች ከተዳፋቱም ከጥላውም እኩል ይደርሳቸዋል። ልዩነት ከታየ ልዩነቱን በቦታው ማሳበብ ከባድ ይሆናል። ኬንኬን ስትጫወቱ ጣታችሁ የሚለምደው ይህንኑ አሠራር ነው።

እዚህ ላይ ጨዋታውና ምርምር የሚለያዩበትን አንድ ነገር ልናገር። የታተመ ኬንኬን ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ አለው፤ አዘጋጁ አስቀድሞ አረጋግጦታል። በምርምር ሥራ ግን ማንም አስቀድሞ አላረጋገጠልንም። ብዙ ጊዜ የያዝነው መረጃ ከሁለት ማብራሪያዎች ጋር ይስማማል፤ ቶሎ ብለን የወደድነውን እንይዛለን። ሥራው «የትኛውን ልመን?» ብሎ መምረጥ ሳይሆን «ሁለቱን የሚለየው ቀጣይ ፍንጭ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ከታተመ ኬንኬን አትማሩም። ራሳችሁ ከሠራችሁት፣ ከተበላሸው ሰሌዳ ግን ትማሩታላችሁ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። መተግበሪያውን ዝጉና ወረቀት አውጡ። መጀመሪያ 4 በ4 ሰሌዳ ሙሉ፤ ከዚያ ግቢ እየሠራችሁ ፍንጭ ጻፉ። ለጓደኛችሁ ስጡት። ሌላ መልስ ይዞ ቢመጣ «ተሳስተሃል» ከማለታችሁ በፊት ረድፉንና ዓምዱን አመሳክሩ። ምናልባት የሳተው ፍንጫችሁ ይሆናል።

የቦንጋው ልጅ በማግስቱ ጠዋት አዲስ ሰሌዳ ሰጥቶኛል፤ 5 በ5። እያንዳንዱ ረድፍ 15 ፍሬ ቡና እንደሚበላ ራሱ አስልቶ ከጎኑ ጽፎታል። «ይሄኛው አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ ከእህቴ ጋር አረጋግጠናል» አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ ጅማ እስክንደርስ ስታገለው ነበር። ፈታሁት፤ ሁለተኛ መልስም ፈለግሁለት። አጣሁ።